አንድ ፍየልና ሁለት ቢላዋ

ቤት ያጣሁት በጠብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ተጣልቶ የወጣ ሰው ቢያንስ የሚያማው አያጣም። «አንድ ምቀኛ ነበር» ብሎ ይጀምርና ሲጨርስ አድማጩ ራሱ ምቀኛውን ሊደበድብ ይነሣል። እኔ ግን ሸዋ ሮቢት ላይ የነበረኝን ቤት ያጣሁት ከሦስት ደጋግ ልጆች ጋር ስለኖርኩ ነው። ማንን ልማ? ሞክሬ አይቻለሁ፤ ገና ስማቸውን ስጠራ ይናፍቁኛል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዶርም ሞልቷልና ውጭ ቤት ፈልጉ ሲባል አራት ሆነን ተደራጀን። ተደራጀን ስል ማኅተምና ሊቀመንበር ያለው ነገር እንዳይመስላችሁ። ኪራዩን፣ አስቤዛውን፣ ውሃ መቅዳቱንና ቤት መጥረጉን እኩል የምንካፈል አራት ተማሪዎች ነን፤ ማኅበራችን ይኸው ነው። እኔ ከመሐል ሜዳ የወረድኩ ደገኛ ነኝ። እናቴ ያስያዘችኝን ጋቢ በመጀመሪያው ሳምንት እያየሁ «ይሄን ሰው ለምን ይለብሰዋል?» ማለት ጀምሬ ነበር። ተካልኝ እዚሁ ቀወት ገጠር የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፤ እኛ በላብ ስንታጠብ እሱ ሹራብ ይደርባል። ሰይድ የማጀቴ ልጅ ነው፤ ከድር ደግሞ የአሊዩ አምባ። እኔና ተካልኝ ክርስቲያን፣ ሰይድና ከድር ሙስሊም። ሁለት ለሁለት መሆናችንን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጉድ የሠራን እሱ ነው።

ቤታችን ዋናው መንገድ ዳር ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ መጨረሻ ላይ ነው። እኛ «አፓርታማ» እንለዋለን። አባቴ በስልክ «የት ነው የምታድረው?» ሲለኝ «አፓርታማ» ስለው «በሰላም ያገኘኸው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይፈረድበትም፤ ውሃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ እንደሚደክመውና ቀሪውን መንገድ በጄሪካን በእኛ ትከሻ እንደሚወጣ አልነገርኩትም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከቀትር በኋላ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሽንኩርት ብቻ ነው የሚጎድለው። ቢሆንም እንወደው ነበር። ከበረንዳው ላይ የሽንኩርቱ ማሳ እስከ ወንዙ ድረስ ይታያል፣ የጎረቤት ማንጎ ዛፍ ጫፉን እስከ እኛ አድርሷል፣ ነፋስም ከመጣ ቀድሞ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ኪራዩም ለተማሪ ኪስ ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ነበር።

ሕንፃው የሁለት ሰው ነው። እትዬ ዘሃራ ምድር ቤቱ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ጋሽ ተፈራ ደግሞ የሟች ባላቸው የንግድ ሸሪክ ነበሩ፤ ሁለቱ ሰዎች ማሾ እየነገዱ ነው ሕንፃውን ያቆሙት። ኪራዩን ያረከሱልን እትዬ ዘሃራ ናቸው። ምክንያታቸውንም አልደበቁንም። አንድ ቀን ጄሪካን ተሸክመን ስናልፍ ጠሩንና፣

«ባሌና ተፈራ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው በልተዋል» አሉን። «እናንተም ሙስሊምና ክርስቲያን ሆናችሁ ካንድ ድስት ስትበሉ ሳይ፣ ወላሂ፣ ሰውዬው ያለ ይመስለኛል።»

ካንድ ድስት ያሉት እውነት ነው። የማኅበራችን ዋና ሕግ ድስቱ ነበር። እናንተም እንደምታውቁት ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ ሥጋ የሚባል ነገር የቤታችንን ደጅ እንዳይረግጥ ወስነን፣ አንድ ትልቅ ድስት ገዝተን፣ ሽሮና ማሾ እያፈራረቅን ከትልቅ ትሪ ላይ አብረን እንበላ ነበር። ሥጋ ያማረው ውጭ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይመለሳል። ያ ድስት ከታች ጠቁሮ፣ አንድ ጆሮው ላልቶ፣ አምሮበት ነበር። በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተጣልተን አናውቅም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ግን ጋሽ ተፈራ ሐሳብ መጣላቸው። መንገዱ የደሴ ነው፤ አውቶቡስ ቆሞ የሚያድርበት ከተማ ነው፤ ይህን ፎቅ አልጋ ቤት ብናደርገውስ አሉ። እትዬ ዘሃራ እንቢ አላሉም፣ እሺም አላሉም። ወደ እኛ ወጡ። ከኋላቸው አንድ ሙክት ፍየል በገመድ እየተሳበ ደረጃውን ይወጣል።

«እሁድ ለምሳ ተፈራን ይዤው እመጣለሁ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «እሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ አያውቃችሁም እንጂ። አንድ ላይ ቤት የምትመሩ ልጆች መሆናችሁን ቁጭ ብሎ ይየው። ካየ እስክትመረቁ ቤቱ የእናንተ ነው፤ እኔ እጨርሰዋለሁ። ይሄን እረዱና አብሉን።»

«እትዬ ዘሃራ፣ ምን አስቸገረዎት?» አልን ባንድ ድምፅ።

«እንደሚሆናችሁ አድርጋችሁ እረዱት» ብለው ወረዱ።

እንደሚሆናችሁ። አያችሁ ያቺን ቃል? አራታችንም ፍየሉን አየን፤ ፍየሉም አራታችንን አየ። ከዚያ ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «በሉ ተካልኝ፣ እናንተ ትባርካላችሁ» አለ።

«ኧረ በጭራሽ» አለ ተካልኝ። «ያመጡት እትዬ ዘሃራ ናቸው። የሙስሊም እጅ ነው የሚያርደው።»

«ጋሽ ተፈራስ? እንግዳው እሳቸው አይደሉ? እሳቸውን ነው ደስ ማሰኘት ያለብን» አለ ከድር።

«እትዬ ዘሃራ ባመጡት ፍየል ላይ ቁጭ ብለው ሽሮ ይብሉ?» አልኩ እኔ።

ልክ ነኝ። ከድርም ልክ ነው። አስተናጋጆች ሁለት ለሁለት፣ እንግዶች አንድ ለአንድ። ፈጣሪ ራሱ በሚዛን የለካን ነበር የምንመስለው። እንደ ማኅበር ድምፅ እንስጥ ተባለ። እኔና ተካልኝ ለሙስሊም ቢላዋ እጃችንን አወጣን፣ ሰይድና ከድር ለክርስቲያን ቢላዋ አወጡ። በዓለም ላይ ሁሉም በራሱ ላይ የመረጠበት ምርጫ ይኖር እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ቤት ግን ተደርጓል፣ ውጤቱም እኩል ነው።

ተካልኝ እንሽጠውና ሁለት ዶሮ እንግዛ አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሰይድ ግን የፍየሉን ጆሮ ገልጦ አሳየን፤ የእትዬ ዘሃራ ቤተሰብ ምልክት ያለበት ነው። ስጦታቸው ገበያ ቆሞ ዘመድ ቢያየውስ? ተውነው። ከዚያ ዕጣ እንጣል ተባለ። ዕጣው ለሰይድ ወጣ። ወረቀቱን አየና፣ «ይሄ በደንብ አልተቀላቀለም» ብሎ መልሶ ጣለው። እንደገና ሲጣል ለእኔ ወጣ። «የሚጸናው መጀመሪያ የወጣው ነው» አልኩ። ሰይድም «መጀመሪያ የወጣውማ ተሰረዘ» አለ። እንዲህ ዓይነት ክርክር በንዴት ቢሆን ኖሮ አንዱ ይደክመው ነበር። በፍቅር ሲሆን ግን ማንም አይደክመውም።

ፍየሉ በዚህ መሐል በረንዳው ላይ ታስሮ ሰነበተ። ስም እንዳንሰጠው ተስማማንና «እንግዳው» እያልን ስም አወጣንለት። እንግዳው መጀመሪያ መጥረጊያውን በላ። ቀጥሎ የከድርን አጎበር በላ። በማግስቱ ከድር ፊቱ ሁሉ የወባ ትንኝ ነክሶት ተነሣና «ይብላ፣ እንግዳ ነው» አለ። የእኔን ጋቢ ጫፍ ሲያላምጥ ባየው ጊዜ እንኳ አልከፋኝም፤ በመጨረሻ ለጋቢው ሥራ ተገኘለት ብዬ ተውኩት። ውሃ ግን እንደ ግመል ነበር የሚጠጣው። ያንን ጄሪካን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክማችሁ አውጥታችሁ ፍየል ከንፈሩን ሲነክርበት ማየት፣ በእናንተ አይድረስ።

እሁድ ጠዋት ሁላችንም በየፊናችን ሌላው እንደሚያርድ ቆርጠን ተነሣን። እኔ ድስታችንን ጥጄ ማሾ ሠራሁ። «ለእኔና ለተካልኝ ነው፤ እናንተ ሥጋውን ትሠራላችሁ» አልኩ። ሰይድ ሳቀና ከታች ካለችው ጎረቤታችን ዘንድ ያሠራውን ሽሮ አምጥቶ ከጎኑ አስቀመጠ። «ይሄ ለእኔና ለከድር ነው፤ እናንተ ትባርካላችሁ።» ለሥጋው ተካልኝ አንድ ድስት ተውሶ መጥቷል፤ ከድርም አንድ ተውሶ መጥቷል። ሁለት ባዶ ድስት፣ ሁለት የተሳለ ቢላዋ፣ በቂ ሽንኩርት፣ በቂ በርበሬ። የሚጎድለው አንድ የማያፍር ሰው ነበር።

«ከድር፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አልኩ።

«አንተን እየጠበቅን እኮ ነው» አለ።

«እኔማ እናንተን ነው የምጠብቀው።»

«አብሽር፣ እንጠባበቃለን።»

እኛ ስንጠባበቅ እንግዳው ገመዱን ቁርስ አድርጎ ጨርሶት ነበር። ጄሪካን ላይ ወጣ፤ ከጄሪካኑ የበረንዳው ግንብ ላይ ወጣ። ዓይኑ የማንጎው ቅጠል ላይ ነው። ተካልኝ አየውና «ያዙት» ብሎ ሲነሣ፣ እንግዳው አንገቱን አስረዘመ፣ ቅጠሏን ነከሰ፣ ቅጠሏም ቅርንጫፉን ይዛው ሄደች፣ እሱም አብሯት ሄደ።

ጋሽ ተፈራ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እትዬ ዘሃራ ከጎናቸው ሆነው፣ የግቢውን በር ያኔ ነበር የገቡት። ፍየሉ እግራቸው ሥር ወደቀ።

ከላይ ሆኜ ሳይ ይተነፍሳል። ሁላችንም የሚበላ እንስሳ ሕይወቱ ሳያልፍ ካልታረደ በክት መሆኑን እናውቃለን፤ በዚህ ላይ ሁለቱም ሃይማኖት አንድ ነው። እኔ አንዱን ቢላዋ አነሣሁ፣ ከድር ሌላውን አነሣ፣ ወደ ደረጃው ሮጥን። በራችን ጠባብ ነው፤ ቢላዋ ይዞ ለሁለት አያሳልፍም።

«እለፍ» አለኝ ከድር።

«አንተ እለፍ» አልኩት።

ሰይድ ከኋላ ገፍቶን ባይሆን ኖሮ ዛሬም እዚያው በር ላይ ነበርን። ወርደን ደረስን። እንግዳው አሁንም ይተነፍሳል፤ ቅጠሏ አፉ ውስጥ ናት። ከድር ተንበረከከ፣ እኔም ተንበረከክሁ፣ ሁለታችንም ቢላዋችንን ወደኋላ ሰበሰብን።

«ባርክ» አለኝ።

«ኧረ አንተ ባርክ።»

«ጋሽ ተፈራ ቆመው? አላደርገውም።»

«እትዬ ዘሃራ ቆመው እኔ ላርድ? በእናትህ ከድር።»

«ኧረ አንዳችሁ» አሉ እትዬ ዘሃራ። 

ቀና ስል ተካልኝ ለሰይድ እጁን ዘርግቶ ቦታ እያሳየው ነው፤ ሰይድም ለተካልኝ። ዝቅ ስል ፍየሉ መተንፈስ አቁሟል። ቅጠሏን አልዋጣትም። ያን ያህል ቀን ያለ ኀፍረት ቤታችንን ሲበላ የከረመ እንስሳ እኛ ስንግደረደር ሞተ። ሳቅ ሊመጣብኝ ነው ብዬ ስፈራ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በእውነት አሳዘነኝ።

 በመጨረሻ እትዬ ዘሃራ ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የታሠረ ሳህን አወጡ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ማሾ ነው» አሉ እትዬ ዘሃራ ወደ መሬት እያዩ። «ለአንተ ሲሉ ክርስቲያኖቹ ያርዳሉ ብዬ፤ እኔ የራሴን ይዤ መጣሁ።»

ጋሽ ተፈራ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔ ደግሞ ለአንቺ ሲሉ ሙስሊሞቹ ያርዳሉ ብዬ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል ልል ነበር» አሉ። «መንገድ ላይ ስለማመደው ነው የመጣሁት።»

ሬሳውን ሰይድና ተካልኝ በጋሪ ወስደው ጣሉት። ከዚያ ሁላችንም ወጣንና ትሪያችንን አቀረብን። የእኔ ማሾ፣ የሰይድ ሽሮ፣ የእትዬ ዘሃራ ማሾ ባንድ ላይ ፈሰሰ። ሁሉም ለሌላው ሲል ለራሱ የያዘው የጾም ምግብ ስለነበር ለሁላችንም ሆነ። ጋሽ ተፈራ ከእትዬ ዘሃራ ፊት ጠቅልለው ጎረሱ፣ እትዬ ዘሃራም ሟች ባላቸው ስለ ማሾ ጆንያ የቀለዱትን ነገር አስታውሰው ሳቁ። ከድር አጎረሰኝ፣ እኔም አጎረስኩት። በዚያ ቤት ከበላነው ሁሉ እንደዚያ ቀን የጣፈጠ አልነበረም። ተረፍን ብዬ አመንኩ።

ጋሽ ተፈራ እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ልጆች፣ እንደ እናንተ ያለ ጨዋ አላየሁም። ከልቤ ነው። ግን ፈራኋችሁ። አንድ ፍየል ለማረድ እንዲህ ከሆናችሁ፣ ነገ ይሄ ቤት እሳት ቢነሣበት 'አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም' ስትባባሉ በሩ ላይ ታልቁብኛላችሁ። የሰው ልጅ ነፍስ በእጄ አልይዝም። አልጋ ቤቱ ይሁን።»

ለዚህ መልስ ነበረው። በጣም ቀላል መልስ ነበረው። «ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ሐኪሙን ይዘው ነበር የመጡት» ማለት ነበር። እሳቸው ራሳቸው ይስቁ ነበር። አራታችንም አስበነዋል፤ በኋላ ስንጠያየቅ አራታችንም ምላሳችን ላይ ነበር። ግን ትልቅ ሰውን እንዲህ የሚላቸው ማን ነው? ሰይድ ወደ እኔ ጠቀሰ፤ እኔ የሃይማኖታቸው ልጅ ነኝና። እኔ ወደ ከድር ጠቀስኩ፤ እሱ አፈ ቀላጤ ነውና። ከድር ወደ ተካልኝ፣ ተካልኝ ወደ ሰይድ። ጥቅሻው ዞሮ ሳያልቅ ጋሽ ተፈራ ኮፍያቸውን አድርገው ወረዱ።

እትዬ ዘሃራ በሩ ላይ ቆዩ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«አንድ ቃል ከመካከላችሁ ቢወጣ እኮ እኔ ከኋላችሁ ልቆም ነበር» አሉን። «እኔማ ማሾዬን ደብቄ መጥቼ ምን አፍ አለኝ?»

ይህችን ንግግራቸውን እስካሁን አልረሳኋትም። ከቤቱ ያስወጣን ፍየሉ አይደለም። ፍየሉ ምን አደረገ? ቅጠል አማረው፣ ቀጠፈ። ያስወጣን ያቺ አንድ ቃል ናት፤ አራታችንም ይዘናት አራታችንም ለሌላው ያሳለፍናት። አሁን ብቻዬን ስሆን እላታለሁ። ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ፣ ውሃ ስቀዳ፣ ፀጉሬን ስታጠብ፣ «ጋሼ፣ እርስዎም እኮ» እላለሁ። እየደጋገምኩ በጣም ጎበዝ ሆኛለሁ።

የወጣን ቀን ዕቃ ተካፈልን። ዕቃ ሲካፈል ሰው ይጣላል ይባላል፤ እኛ ባጃጁ ተጭኖ እስኪያልቅ ድረስ አንዳችን ለአንዳችን ፍራሽ ስንሸልም ዋልን። የቀረው ድስቱ ነበር። ለአራት የማይከፈል እሱ ብቻ ነው።

«አንተ ውሰደው፤ አንተ ነህ ብዙ የሠራህበት» አለኝ ከድር።

«አንተ ነህ ያጠብከው» አልኩት።

ሰይድ ለተካልኝ አለ፤ ተካልኝ ለሰይድ አለ። የባጃጁ ሹፌር ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ ተፈራ ከታች ሆነው ወደ ላይ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድስቱን ምድጃው ላይ ትተነው ወረድን።

ዛሬ ሁላችንም ለየብቻችን ጠበብ ጠበብ ያለ ክፍል ተከራይተናል፤ የአራታችንም ኪራይ በየግላችን ከባድ ነው። እኔ ሥጋ እንደ ፈለግሁ አበስላለሁ፤ የሚከለክለኝ የለም። ብቻዬን ስለምበላው ይሆናል፣ አይጥመኝም። ሰይድን ካምፓስ በር ላይ ሳገኘው «እንገናኝ» እንባባላለን፤ «አንተ ቀን ምረጥ» ይለኛል፣ «አንተ ምረጥ» እለዋለሁ፤ እስካሁን ቀን አልተመረጠም።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ሳልፍ ቀና አልኩ። በረንዳው ላይ የአልጋ ቤቱ አንሶላ ተሰጥቷል። ከአንሶላው ሥር፣ የበረንዳው ግንብ ላይ፣ ድስታችን ተደፍቷል፤ የላላውን ጆሮውን ከመንገድ አውቄዋለሁ። ወጥቼ «የእኛ ነው፣ ስጡኝ» ልላቸው ነበር፤ ይሰጡኝ ነበርም። ደረጃውን ግማሽ ድረስ ወጣሁ። ከዚያ ግን ምናልባት ከድር ፈልጎት ከሆነስ ብዬ አሰብኩና ተመልሼ ወረድኩ።